ዛሬ ምን ይሠራ?

ባለቤቴ በየማለዳው አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። አጎንብሼ የጫማዬን ክር ሳስር፣ ወይም አንድ እጄን ኮቴ ውስጥ ከትቼ የሌላኛውን እጅጌ በዳበሳ ስፈልግ፣ ከጓዳ ድምጿ ይመጣል።

«ዛሬ ምን ይሠራ?»

እኔም ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ያልቀየርኩት መልስ አለኝ።

«ያለው ይሠራ።»

ያለው ደግሞ ሽሮ ነው። ትናንትም ሽሮ ነበረ። ነገም ፈጣሪ ካለ ሽሮ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ቦርሳዋን አዝላ በሩ ላይ የምትጠብቀኝ ትንሿ ልጄም ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት እንዲህ ያለውን ነው። ታዲያ መልሱ የታወቀ ጥያቄ በየቀኑ ለምን ይጠየቃል? ነገሩ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል።

መጀመሪያ ላይ አክብሮት መስሎኝ ነበር። አባወራው ተጠይቆ፣ አስቦ፣ ወስኖ ይወጣል ብዬ ደረቴን ነፋ አድርጌ ታክሲ የያዝኩባቸው ማለዳዎች ነበሩ። ኋላ እየቆየ ሲገባኝ ጥያቄው ስለ ወጥ አይደለም። «ዛሬ ምን ይሠራ?» ሲተረጎም «ኪስህ ውስጥ የገባ ነገር አለ?» ማለት ነው። «ያለው ይሠራ» ደግሞ «የለም» ማለት ነው። ለካስ እኔና ባለቤቴ በየማለዳው የበጀት ስብሰባ ስናካሂድ ኖረናል፤ ቃለ ጉባኤ ስለማንይዝ ነው እንጂ።

ደመወዝ በገባ ማግስት ጥያቄው ራሱ መልኩን ይቀይራል። «ዛሬ ምን እንሥራ?» ትላለች። ከ«ይሠራ» ወደ «እንሥራ»! በዚያች አንዲት «እን» ውስጥ ሩብ ኪሎ ሥጋ አለች። ወሩ ሲጋመስ «እን» ትጠፋለች። ወሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይጠፋና የድስት ክዳን ድምፅ ብቻ ይሰማል።

የዛሬ ዓመት ግድም ታዲያ ነገሩን በዘመናዊ መንገድ ልፈታው ተነሣሁ። በዕቅድ!

እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕቅድ የማወጣ ሰው ነኝ። የዓመት፣ የሩብ ዓመት፣ የወር። አብዛኞቹ ተሳክተው አያውቁም፤ ሪፖርታቸው ግን ሁልጊዜም የተሟላ ነው። ይህን የመሰለ ልምድ ያለው ሰው የአምስት ነፍስ የሳምንት ቀለብ ማቀድ ያቅተዋል? ከመካከለኛዋ ልጄ የሒሳብ ደብተር አንድ ቅጠል ገንጥዬ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በቁመት ሰባቱን ቀናት፣ በአግድም ሦስቱን የምግብ ምድቦች ጻፍኩ፤ ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ።

እነዚህን ሦስት ስሞች ሳይሸመድድ አንደኛ ደረጃን የጨረሰ ሰው ያለ አይመስለኝም። የእኛ መምህርት ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ ስትሰቅለው «ገንቢ» በሚለው ሥር እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣና ደም የመሰለ አንድ ሙዳ ሥጋ ነበረበት። ክፍሉ በሙሉ ምራቁን ይውጥ ነበር። የምሳ ደወል ተደውሎ እሷም እኛም ምሳ ዕቃችንን ስንከፍት ግን ከሁሉም የሚወጣው ሽታ አንድ ነበር። ሽሮን ማንም አልሳላትም። በዚህ የተነሣ ለብዙ ዘመን ሽሮ ምግብ ሳትሆን ምግብ እስኪመጣ ድረስ የምንበላት ነገር ትመስለኝ ነበር።

እናም ሠንጠረዤን በሥዕሉ ልክ ሞላሁት። ሰኞ ምስር ወጥ። ማክሰኞ እንቁላል ፍርፍር። ረቡዕ ጎመን በድንች። ሐሙስ ቅቅል። ዓርብ ክክ አልጫ። ቅዳሜ መኮሮኒ በካሮት። እሑድ የፈለጋችሁትን፣ ከሙዝ ጋር። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ኖሮ ንጣት በገደለው ነበር። የእኔ ሕልም ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ ነው።

ባለቤቴ እጇን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ጥቂት ቆይታ «ዘይቱ የት አለ?»

ዘይት አልነበረም። ሽንኩርትም። ከሰልም። የምግብ ዕቅድ ማለት ሰው የሚበላውን መጻፍ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ድስቱም ይበላል፣ ምድጃውም ይበላል። ክክ አልጫዬ በወረቀት ላይ ርካሽ ናት። ምድጃ ላይ ስትጣድ ግን ከሰሉ ከክኩ በላይ ሊወጣባት ይችላል። «ማታውኑ ዘፍዝፈሃት ካደርክ ቶሎ ትበስላለች» አለችኝ። «መዘፍዘፍ» የሚል አምድም አልነበረኝም።

(ስለ ሽንኩርት ውድነትና ስለ እንባ የሚቀለደውን ቀልድ ሁሉም ስለሚቀልደው እኔ ትቼዋለሁ።)

እውነቱን ለመናገር እኛ ቤት ምን እንደሚበላ በትክክል ተጽፎ የሚገኘው በእኔ ሠንጠረዥ ላይ ሳይሆን በሰፈራችን ባለ ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ነው። «ዘይት ግማሽ ሊትር። ስኳር ሩብ። ዳቦ 6። ፓስታ 1።» የታሪክ ተመራማሪ አንድ ቀን ስለ ኑሯችን መጻፍ ቢፈልግ እኔን ባይጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ ወደ ሱቁ ይሂድ።

ያም ሆኖ ሠንጠረዡን የጓዳው በር ላይ ለጠፍኩት። ሰኞ ሥራ ጀመረ።

ሰኞ ማታ ምስሩ ሲቀርብ ትንሿ ልጄ አኮረፈች። «ዛሬ ትምህርት ቤትም ምስር በልተናል!» ከ2012 ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁርስና ምሳቸውን እዚያው ይመገባሉ። ይህ ስንቱን ወላጅ ከማለዳ ጭንቀት እንዳሳረፈው የደረሰበት ያውቀዋል። ችግሩ የእነሱ ዕቅድ አውጪና እኔ አለመነጋገራችን ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሳይናበቡ ሲሠሩ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማክሰኞ እንቁላል ነበር። ለአምስት ሰው ሦስት እንቁላል፣ በቲማቲምና በቃሪያ በዛ እንዲል ተደርጎ። ገና ትሪው ከመቀመጡ ጎረቤታችን እማማ ወንፊት ሊዋሱ በሩን አንኳኩ።

«እማማ፣ ይግቡ! እንብላ!»

«ኧረ አሁን ነው የበላሁት ልጆቼ።»

«በሞቴ!»

ይኸው ነው። አገሬ «እንብላ» ሳትባል የማታልፍበት አገር ናት፤ ደግሞም ደግ ነገር ነው። ግን «በሞቴ» ለሚለው ቃል ሠንጠረዤ ቦታ አላዘጋጀለትም። እማማ ሦስት ጉርሻ ጎረሱ፤ ከዚያም መርቀውን ወንፊታችንን ይዘው ሄዱ።

ረቡዕ ጾም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማመን አለብኝ፤ የቤቴ እውነተኛዋ የበጀት ተቆጣጣሪ ቤተ ክርስቲያን ናት። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያት ጾም። ሥጋ መግዛት ያልቻልኩባቸው ቀናት ግማሹ በጽድቅ ተመዝግበውልኛል። ሰው ሲጠይቀኝ «አጣሁ» አልልም፤ «ጾም ነው» እላለሁ። የቆጠብኩትን ግን ቅበላ ይወስደዋል፣ የቀረውን ፋሲካ ይጠርገዋል። አንዲት ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ሆና፣ አሥራ ሁለት እንቁላል አስከትላ፣ ኪሎ በኪሎ ሽንኩርት ውስጥ ስትገባ ሁለት ወር ሙሉ የሰበሰብኩት ገንዘብ አብሯት ድስት ውስጥ ይገባል።

ሐሙስ ለቅቅሉ ሥጋ የለም፤ ወሩ ተጋምሷል። በጎመን ልተካው ወደ ጉሊት ወረድኩ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ማንኛውም ነገር ሲጨምር ምክንያቱ አንድ ሆኗል።

«እማማ፣ እስሩ ያለፈው ሳምንት እንዲህ አልነበረም እኮ።»

«ዶላር ጨመረ ልጄ።»

«ጎመኑ እዚሁ አቃቂ ወንዝ ዳር የበቀለ ነው። ዶላር የት አይቶ ያውቃል?»

ሴትዮዋ ቅጠሉ ላይ ውሃ ረጨት ረጨት እያደረጉ ቀና ብለው አዩኝ። «ጎመኑ አላየም። እኔ ግን ዘይት እገዛለሁ።»

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በሁለት ሰዓት ስብሰባ የሚያስረዱኝን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱልኝ። የተባልኩትን ከፍዬ ጎመኔን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ። ጎመን በጤና ይባላል። ተረቱን የተረተው ሰው ጎመን ርካሽ በነበረበት ዘመን መሆን አለበት።

እሑድ ሰንበት ገበያ ሄድኩ። ካሮት ረከሰልኝ። ሲረክስ ደግሞ እጄን መያዝ አልችልም፤ አምስት ኪሎ ተሸክሜ ገባሁ። በዚያ ሳምንት ካሮት በመኮሮኒ፣ ካሮት በድንች፣ ካሮት በክክ፣ ካሮት ብቻውን በላን። ዓርብ ማታ ትልቁ ልጄ ጥግ ላይ ካለው ግድግዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። «ምን ሆንክ?» ስለው «አባዬ፣ ጎረቤት ምን እንደሚበሉ ይታየኛል» አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ባለቤቴ «ና እስቲ፣ ያንን ወረቀትህን ይዘህ ና» ብላ ጓሮ ወሰደችኝ። የዓመቱን ሽሮ ልታዘጋጅ ጆንያ ላይ እህል አስጥታለች። አተር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ሰፌድ ሰጠችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ሦስት ማዕዘን የመሰለችውን እያየህ አውጣ። ጓያ ናት።»

ጓያ ድርቅ የማይበግራት እህል ናት። ሌላው ሲጠፋ እሷ ትገኛለች፤ ተንኮሏም እዚያ ላይ ነው። ሌላ ነገር ያጣ ሰው ለወራት እሷን ብቻ ሲበላ እግር ታስራለች። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ሾልካ የምትገባውም ዋጋዋ ዝቅ ስለሚል ነው። ባለቤቴ የጣቷ ጫፍ ዓይን ያለው ይመስል ሳታይ ትለቅማለች። እኔ እያየሁም አሳልፋለሁ።

ከዚያ የሚቀረውን ነገረችኝ። ይታመሳል፣ ይከካል፣ ይነፋል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተወቅጦ ይደርቃል። በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ በልኩ ይገባል፤ በርበሬው ይመጠናል። ምጥን የሚባለውም ለዚህ ነው። ሳስበው፣ «ምጥን» እና «የተመጣጠነ ምግብ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሥዕሉን የሣለው ሰው ይህን እንዴት እንዳላየ አላውቅም።

እኔም በፈንታዬ ያነበብኩትን ነገርኳት። ጤፍም ስንዴም ላይሲን የሚሉት የገንቢ ምግብ ቅንጣት ያንሳቸዋል። አተርና ባቄላ ደግሞ እሱ ሞልቷቸዋል፤ እነሱን የሚያንሳቸውን ጤፍ ታሟላላቸዋለች። ሁለት ድሆች ተጋብተው አንድ የሞላ ቤት እንደ መመሥረት ነው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ደግሞ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት አንቆ የያዘውን ነገር እርሾው ያላላዋል። ሽሮ በእንጀራ ማለት እንግዲህ...

«የአያቶቻችን ጥበብ!» ብዬ ልቋጨው ስል አቋረጠችኝ።

«አያቴ ጥበብ አልነበራትም። ሥጋ መግዣ ነው ያልነበራት።»

ዝም ብዬ ጓያዬን ለቀምኩ።

ጥቂት ቆይታ ግን ራሷ ቀጠለች። ሽሮ ብቻዋን አትበቃም አለች። ቃሪያ አጠገቧ የምታደርገው፣ ሎሚ ሲገኝ ጎመኑ ላይ ጠብ የምታደርገው፣ ለትንሿ ልጅ ከወሩ ገንዘብ ላይ እንቁላል የምትደብቀው ለዚያ ነው። «የማላቅድ ይመስልሃል?» አለች። አይመስለኝም ነበር ማለት ከበደኝ። እኔ ካነበብኩት የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃሪያውና ሎሚው ሰውነት ከእህልና ከጎመን ብረት እንዲወስድ ይረዳሉ፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ያንኑ ብረት ያስቀራል። «ቡናዬን?» አለች፤ ሰፌዱ እጇ ላይ ቆመ። በብዙ ድርድር ቡናው ከራት በአንድ ሰዓት ዘግይቶ እንዲፈላ ተስማማን። በአሥራ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ያገኘሁት ትልቁ ድል ነው።

ሠንጠረዡ ግን አንድ ያላሰብኩትን ነገር አሳየኝ።

የምግብ መጻሕፍት «ለአንድ ሰው ይህን ያህል» ይላሉ። እኛ ቤት «አንድ ሰው» የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ትሪ ነው ያለው። ማን ምን ያህል እንደሚደርሰው የሚወስነው የእጅ ፍጥነት ነው። አንድ ማክሰኞ ማታ ታዲያ እንደ ኦዲተር ልታዘብ ወሰንኩ። እንቁላል ፍርፍር፤ ያው ሦስቱ እንቁላሎች።

ትልቁ ልጄ እንደ ግሬደር ነው፤ ከዳር ጀምሮ እየጠረገ ወደ መሐል ይመጣል። መካከለኛዋ ቲማቲሙን ትታ እንቁላሏን ትመነጥራለች። ትንሿ አፏን ከፍታ ጉርሻ ትጠብቃለች። እኔ፣ ኦዲተሩ፣ እያየሁም ቢሆን እጄ አልቆመም።

ባለቤቴ እንጀራ ጨመረችና ተቀመጠች። ውሃ ልታመጣ ተነሣች። ተቀመጠች። ጨው አንሷል ተባለ፤ ተነሣች። ተመልሳ ትሪው ጥግ ላይ ወጥ የነካው የእንጀራ ጫፍ ቆረሰች። ፊቷ የነበረችውን የእንቁላል ቁራጭ በጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ ትንሿ አሳለፈቻት። ይህን ሁሉ ሳታስበው ነው ያደረገችው፤ ጓያ እንደምትለቅመው።

«አንቺስ አትበዪም እንዴ?»

«ስሠራ ስቀምስ ጠገብኩ።»

ይህችን ዐረፍተ ነገር አውቃታለሁ። እናቴም ትላት ነበር። እናቴን ዕድሜዬን በሙሉ ትንሽ የምትበላ ሴት አድርጌ ነው የማውቃት። ሆዷ ትንሽ ነው ብለን እንስቅባትም ነበር። ሽሮ ተቀምሶ የሚጠገብ ቢሆን ኖሮ እኛ ሁላችን ትሪ ከበን ምን እናደርግ ነበር?

መሥሪያ ቤት ውስጥ በጀት ሲጎድል ጉድለቱ ከየት እንደሚሸፈን አንድ መሥመር ይጻፋል። የእኔ ቤት ጉድለት ከየት ሲሸፈን እንደኖረ ሰባት ቀንና ሦስት አምድ ያለው ሠንጠረዤ ላይ አልተጻፈም። ላይሲኑንና ብረቱን ሳስረዳት ብረቱ ከሁላችን በላይ የሚያስፈልጋት እሷ መሆኗን አንብቤ ነበር፤ ያነበብኩትና ትሪው ግን ተገናኝተው አያውቁም ነበር።

ለብቻዋ በሳህን ላቅርብላት አልኩ። «እንግዳ ነኝ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠርን። አሁን ትሪው የሚከፈተው እሷ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ውሃ፣ ጨው፣ ተጨማሪ እንጀራ ሲያስፈልግ የሚነሣው ትልቁ ልጄ ነው። ግሬደሩ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ እስኪመለስ ድረስ መንገዱ ለሌሎቹም ይተርፋል። ከዕቅዴ ውስጥ መቶ በመቶ የተሳካው ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ወረቀቱ ላይ የለም።

ወረቀቱ ዛሬም በሩ ላይ አለ። ዘይት ጠጥቶ ብርሃን አሳላፊ ሆኗል። ከጀርባው የመካከለኛዋ ልጄ የማካፈል ሒሳብ ይታያል፤ መልሱ ላይ መምህሯ ቀይ ኤክስ አድርገውበታል።

ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው አጎንብሼ የጫማዬን ክር ሳስር ከጓዳ ድምጿ መጣ።

«ዛሬ ምን ይሠራ?»

ቀና አልኩ። አሥራ አራት ዓመት ያልቀየርኩትን መልስ የምቀይርበት ቀን ደረሰ ብዬ ድምፄን ሞረድኩ። ኪሴ ውስጥ ከትናንት የትራንስፖርት ገንዘብ የተረፈች ነገር አለች።

«ዛሬ እንቁላል ይሠራ! አንዱ ሙሉውን ያንቺ ነው። ማንም አይነካውም።»

ጓዳው ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ሳቋ ተሰማ። በሩ ላይ ቦርሳዋን አዝላ የምትጠብቀኝ ትንሿ ልጄም አብራት ሳቀች።

«ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ!»

የኮቴን ሁለተኛ እጅጌ በዳበሳ ፈልጌ አገኘሁትና ለበስኩ።

«እንግዲያስ ያለው ይሠራ።»